በ15 ሰከንድ ዘፈን የለመድኳት ጃፓን

አዲስ የመጡ ልጆች ቶኪዮ ውስጥ ሲያገኙኝ «እህትዬ፣ ቋንቋውን እንዴት ለመድሽው?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ቴሌቪዥን ክፈቱ፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ጣቢያ አትቀይሩ፣ ዘፈኑን ስሙ። አንዳንዶቹ የቀለድኩ ይመስላቸዋል። የምሬን ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የጃፓን ቴሌቪዥን ማስታወቂያ በጣም አጭር ነው። የተለመደው ርዝመት 15 ሰከንድ ነው። እዛች ውስጥ ሰው ያወራል፣ ዕቃው ይታያል፣ ዘፈንም ይገባል። የሚዘፍኑት ደግሞ የአገሪቱ ትልልቅ ዘፋኞች ናቸው። ከዘፈኑ የሚመረጠው አዝማቹ ነው፣ ሰው አብሮ የሚጮኸው ቦታ። ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል የዘፈኑና የዘፋኙ ስም ይጻፋል። አንዳንዱ ዘፈን ጭራሽ ለማስታወቂያው ተብሎ ይሠራና ከዛ ሙሉው ወጥቶ አገር ያዳርሳል። «ታይአፕ» ይሉታል። ኩባንያው ዕቃውን ይሸጣል፣ ዘፋኙ ዘፈኑን። እ.ኤ.አ. በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሳችሞስ የሚባል ባንድ ዘፈን የሆንዳ ቬዘል መኪና ማስታወቂያ ላይ ወጣና ባንዱን የማያውቀው ሁሉ አወቀው። በ2021 ለዛው መኪና ፉጂ ካዜ ዘፈነ። ፒያኖ እየተጫወተ ዩቲዩብ ላይ ሲለቅ ያደገ ልጅ ነው። የሱን ዘፈን ያኔ ኮንቢኒ (ቀንና ሌሊት ክፍት የሆነው የሰፈር ሱቅ) ስትገቢም፣ ፀጉር ቤት ስትቀመጪም ትሰሚዋለሽ። መኪናውን የመግዛት ሐሳብ የሌለው ሰው ሁሉ አዝማቹን በቃሉ ይዞታል።

ቋንቋ ለሚማር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያቺው ዓረፍተ ነገር በአንድ ምሽት ደጋግማ ትመጣለች። መጀመሪያ ዜማዋን ትይዣለሽ። ከዛ አንድ ቃል ይለይልሻል። ከዛ ሌላ። መዝገበ ቃላት የማትከፍቺበት ደክሞሽ ሶፋ ላይ የተዘረጋሽበት ሰዓት ነው፣ ቋንቋው ግን እየገባ ነው። ኤንኤችኬ የሕዝብ ጣቢያ ስለሆነ የንግድ ማስታወቂያ የለውም። ንግግሩ የጠራ ነው፣ ለዜና እሱን እከፍታለሁ። ለጆሮዬ ግን የግሎቹ ይሻሉኛል።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ በምሥራቅ ቶኪዮ። የምኖረው ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ነው። እኛ ሐበሾች ጃፓን ውስጥ ሰብሰብ ብለን የምንገኝበት ሰፈር እሱ ነው። መንከባከቢያው ውስጥ ከምሳ በኋላ የመዝናኛ ሰዓት አለ። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ እጅና እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ወረቀት እያጠፉ ወፍ ይሠራሉ፣ ይዘፍናሉ። ስጀምር የዘፈኑ ሰዓት ይከብደኝ ነበር። ሁሉም በልጅነት የተማሩትን ይዘፍናሉ፣ ሠራተኞቹም ያውቁታል፣ እኔ ብቻ ቆሜ አጨበጭባለሁ። የሰው አገር ውስጥ ከሁሉም በላይ ብቻሽን የሚያደርግሽ ይሄ ይመስለኛል። ሁሉም አብሮ ያደገበት ነገር አለ፣ አንቺ የለሽበትም።

እዛ ቤት በልቤ እማማ የምላቸው አንዲት አዛውንት አሉ። ዘጠናን አልፈዋል። ዝምተኛ ናቸው፣ ስማቸው ሲጠራ እንኳ ሁልጊዜ ዞር አይሉም። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ላይ የሂታቺ ኩባንያ ዘፈን መጣ። እማማ ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። እኔም አውቀው ስለነበር ተቀበልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አንቺም ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። እንደገና እንዘፍነው አሉ፣ እንደገና ዘፈንነው። ሌሎቹም ገቡበት። ከዛ ቀን በኋላ የመዝናኛ ሰዓት ላይ እማማ ካጠገባቸው ወንበር ሳብ አድርገው ይጠሩኛል።

ይህ ዘፈን የ1973 ሥራ ነው። ግጥሙ አንድ ትልቅ ዛፍ እያየ ይህ ምን ዛፍ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ዜማውን የሠሩት ኮባያሺ አሴይ ናቸው፣ በ2021 ያረፉ፣ የጃፓን ማስታወቂያ ዘፈን ሲነሳ ቀድመው የሚጠሩ ሰው። በፊልሙ የሚታየው ዛፍ ጃፓን ውስጥ የለም፣ ሃዋይ ሆኖሉሉ ሞአናሉአ የሚባል የአትክልት ስፍራ ውስጥ ነው። ቅርንጫፉ ወደ ጎን ተዘርግቶ እንደ ግራር ጥላ ሠርቷል። ለእማማ የአዋሽን ግራር ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ጃፓኖች ሃዋይ ሲሄዱ ያንን ዛፍ ሊያዩ ብለው ቦታው ድረስ ይሄዳሉ። አንድ ማስታወቂያ ዛፍን እንዲህ ሊያስወድድ መቻሉ ይገርመኛል።

እነዚህ ሰዎች እኮ የጃፓን የግል ቴሌቪዥን ሲጀመር ያዩ ናቸው። ነሐሴ 1953 ነው የተጀመረው፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያም ሰዓት የሚያሳውቅ የሴይኮሻ ሰዓት ፋብሪካ ማስታወቂያ ነበር። ያኔ ቴሌቪዥን በየቤቱ ስላልነበረ መንገድ ላይ ተሰቅሎ ሕዝብ ተሰብስቦ ያይ ነበር። አንድ አባት ከአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ትግል ያዩበትን ማታ ደጋግመው ያወሩልኛል። የማስታወቂያ ዘፈን ራሱ ከዛም ይቀድማል። በ1951 በሬዲዮ፣ ለአንድ የፎቶ ፊልም አምራች፣ ሚኪ ቶሪሮ የደረሱት ዘፈን የመጀመሪያው ተብሎ ይጠራል።

ኮባያሺ አሴይ በ1961 ሬናውን ለሚባል የልብስ ኩባንያም ደማቅ ዘፈን ሠርተው ነበር። የኛ ቤት አሮጊቶች እሱን ሲሰሙ ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል። ወጣት ነበሩ፣ ልብስ ይወዱ ነበር፣ ደሞዝ ሲቀበሉ ጊንዛ፣ ትልልቅ የልብስ ሱቆች ያሉበት የቶኪዮ ሰፈር፣ ወርደው ያዩ ነበር። ሬናውን በ2020 ከስሯል። ዘፈኑ ግን አሁንም አለ፣ በሴቶቹ አፍ ውስጥ። አንድ ኩባንያ ሲሞት የሚቀረው ይህ ከሆነ መጥፎ ውርስ አይደለም።

ስለ ዜማው ሌላም ነገር አለ። የኛን ትዝታ መዝናኛ ሰዓት ላይ አሰምቻቸው አውቃለሁ። ብዙዎቹ «ኤንካ ነው» አሉ። ኤንካ የድሮ የናፍቆት ዘፈናቸው ነው። ዮትሱጊ ክራር የሚጫወት ወንድማችን ነው ምክንያቱን ያሳየኝ። ኤንካ የሚሠራበት አምስት ድምፅና የትዝታ አምስት ድምፅ አንድ ነው፣ ሜጀሩም ማይነሩም። በደቡብ ጃፓን ያሉት የኦኪናዋ ደሴቶች ባህላዊ ቅኝት ደግሞ ባቲ ከሚባለው ቅኝታችን ከሜጀሩ ጋር ይገጥማል። ክራሩን ባቲ ላይ ቃኝቶ የኦኪናዋን ዘፈን ሲያወጣው ጎረቤቱ ጃፓናዊ በሩን ከፍቶ ቆሞ ሰማ። ታዲያ የአገሬው ዜማ ጆሮዬ ላይ ቶሎ የተቀመጠው በምክንያት ነበር ማለት ነው።

ኦኪናዋን ካነሳሁ የ2015ቱን ልንገራችሁ። «ኤዩ» የሚባለው የስልክ ኩባንያ የተረት ጀግኖችን ጓደኛሞች አድርጎ ማስታወቂያ ይሠራል። ከኮክ ፍሬ የተወለደው ሞሞታሮ፣ ድብ የሚታገለው ኪንታሮ፣ በኤሊ ጀርባ ባሕር ሥር የወረደው ኡራሺማ ታሮ። ኡራሺማን የሚሠራው ተዋናይ ኪሪታኒ ኬንታ ባሕር ዳር ቆሞ ሳንሺን እየመታ ዘፈነ። ሳንሺን ባለ ሦስት ክር የኦኪናዋ መሣሪያ ነው። ከማስታወቂያ ፊልም የወጣ ዘፈን፣ ዘፋኝ ባልሆነ ሰው ድምፅ፣ አገሩን ሞላው፤ በማግስቱ ዓመትም ታኅሣሥ 31 ማታ ጃፓን ሁሉ በሚያየው የኤንኤችኬ የዘፈን ዝግጅት ላይ ቀረበ። ከሥራ ቦታ ልጆች ጋር ካራኦኬ ስንሄድ የማውቀውን እንድመርጥ ሲሰጡኝ የምመርጠው እሱን ነው። ቀስ ያለ ነው፣ ቃሉ ይያዛል፣ ስለ ናፍቆት ነው። ለኛ የሚሆን ዘፈን ነው።

የዕቃ መሸጫዎቹስ? ዮዶባሺ ካሜራ የሚባል ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር አለ። ማስታወቂያው ላይም፣ ሱቁ ውስጥም ቀኑን ሙሉ የሚያጫውተው ዘፈን ዜማው «ግሎሪ ግሎሪ ሃሌሉያ» የሚለው መዝሙር ነው። ከፕሮቴስታንት ጓደኛዬ ጋር ሺንጁኩ የሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ያለው ሱቃቸው ስንገባ ጓደኛዬ ደረጃው ላይ ቆመች። ተወዳዳሪው ቢክ ካሜራ ደግሞ በወንዙ ዳር እንሰብሰብ የሚለውን የድሮ የአሜሪካ መዝሙር ነው የያዘው። ሁለቱም ዜማዎች ጃፓን ውስጥ ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፣ መዝሙር መሆናቸውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የዮዶባሺን የሺንጁኩ ግጥም ስሙት። ክቡና አረንጓዴው ያማኖቴ መስመር፣ መሀሉን የሚያቋርጠው ቹኦ መስመር ይላል። የቶኪዮን ባቡር ካርታ እያየ ራሱን ለሚይዝ አዲስ ሰው ይቺ አንዲት ስንኝ ትልቅ ስንቅ ናት። እኔ እስከዛሬ ያማኖቴ ዙሪያውን እንደሚዞርና ቹኦ በመሀል እንደሚያልፍ የማስበው በዛ ዜማ ነው።

ወቅቱን የምታውቂውም በማስታወቂያው ነው። ሚያዝያ ላይ የአበባና የአዲስ ሕይወት ዘፈን ይበዛል፣ ትምህርትም ሥራም የሚጀመረው ያኔ ነውና። በጋ ላይ ተማሪዎች እየሮጡና እየጨፈሩ ፖካሪ ስዌት ይጠጣሉ። ቢራውም አለ፣ በየምሽቱ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2019 በወጣው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ስለወጣ፣ ከአገር ቤት አዲስ የሚመጣ ሰው እዚህ ላይ ደንገጥ ይላል። እኔ አዋጁን እደግፈዋለሁ። ልጅ ያለው ሰው ይገባዋል።

ታኅሣሥ ሲመጣ ደግሞ ያማሺታ ታትሱሮ። በ1983 ያወጣው የገና ዘፈን የባቡር ድርጅቱ ጄአር ቶካይ ከ1988 ጀምሮ ማስታወቂያ ላይ ሲጠቀምበት በ1989 የሽያጭ ሰንጠረዡ አናት ላይ ወጣ፣ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በባቡር ጣቢያ ከሩቅ የሚመጣ ፍቅረኛዋን የምትጠብቅ ልጅ ናት የምትታየው። ዘፈኑ ዛሬም በየዓመቱ ይመለሳል። ሚስቱ ታኬኡቺ ማሪያም ዘፋኝ ናት። የኬንታኪ ዶሮ የገና ማስታወቂያ ላይ የሚሰማው ድምፅ የሷ ነው። ጃፓኖች ለገና ዶሮ ከኬንታኪ አስቀድመው አዘው ነው የሚገዙት። እኛ ያኔ የነቢያት ጾም ላይ ነን። እሷ ስለ ደስ የሚል በዓል ስትዘፍን፣ ዶሮው ቴሌቪዥኑ ላይ ሲተንን፣ እኔ ሽሮዬን አማስላለሁ። ገናችን ሲደርስ ታኅሣሥ 29፣ በነሱ ጥር 7፣ እነሱ ዛፉን ካነሱ ቆይተዋል፣ ከአዲስ ዓመት ዕረፍትም ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ቴሌቪዥኑም የመግቢያ ፈተና የሚፈተኑ ተማሪዎችን የሚያበረታታ ማስታወቂያ ይዟል። ፈረቃ ካልቀየርኩ ገናን ሥራ ላይ ነው የምውለው። ይሄን እስከዛሬ አልለመድኩትም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ማስታወቂያው ሁሉ ጠፍቶ ነበር። መጋቢት 2011፣ ከመሬት መንቀጥቀጡና ከሱናሚው በኋላ። እኔ አልነበርኩም፣ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው የሚነግሩኝ። ኩባንያዎቹ ሕዝብ ሐዘን ላይ እያለ ዕቃ አንሸጥም ብለው ማስታወቂያቸውን አነሱ። ባዶ የቀረውን ጊዜ የሞላው ኤሲ ጃፓን የሚባለው የሕዝብ አገልግሎት ማስታወቂያ ድርጅት ነው። ያለው ፊልም ጥቂት ስለነበር ስለ ሰላምታ የሚዘፍን የልጆች ካርቱን ቀንና ሌሊት ተመላለሰ። ደህና ዋላችሁ የሚል ውሻ፣ አመሰግናለሁ የምትል ጥንቸል። አንዷ ባልደረባዬ እስከዛሬ እሱን ዜማ ስትሰማ ሆዷ ይረበሻል። ቤተሰቦቿ አደጋው የደረሰበት ሰሜን ናቸው። ቀናት ሙሉ ስልክ እየሞከረች የሰማችው እሱን ብቻ ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

ጥቁር ሰው እዚህ ማስታወቂያ ላይ አይታይም አይደለም። ሶፍትባንክ የስልክ ኩባንያ ከ2007 ጀምሮ በሠራው ተከታታይ ማስታወቂያ አባትየው ነጭ ውሻ ነው፣ ታላቅ ወንድምየው ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው ዳንቴ ካርቨር። ሕዝቡ በጣም ወደደው። ከኔ በፊት የመጣ አንድ ሐበሻ ወንድማችን ያኔ ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት «ወንድምዬ! ወንድምዬ!» ይሉት እንደነበር ይነግረናል። ደስ ይለው ነበር። ሰዎች ፈርተው ከማለፍ ሰላም ማለት ጀመሩ ይላል።

ሰኔ 2024 ላይ ግን ሌላ መጣ። ሚሴስ ግሪን አፕል አሁን ጃፓን ውስጥ ከፍ ካሉት ባንዶች አንዱ ነው፣ ማስታወቂያ ሁሉ ላይ አሉ። ለኮካ ኮላ ዘመቻ አዲስ ዘፈን ሠሩ፣ ርዕሱ «ኮሎምቡስ»። ማስታወቂያው ሲጀምር እኔም አንጎራጉሬዋለሁ፣ ዜማው ደስ ይላል። ከዛ ሙሉ ክሊፑ ወጣ። የባንዱ አባላት ኮሎምቡስን፣ ናፖሊዮንን፣ ቤትሆቨንን መስለው ይመጣሉ። የደረሱበት ቤት ውስጥ ዝንጀሮ መሳይ ፍጥረታት አሉ። ፒያኖ ያስተምሯቸዋል። ጋሪ ያስጎትቷቸዋል። በማግስቱ ክሊፑ ወረደ፣ ኮካ ኮላም ዘፈኑን ከማስታወቂያው አወጣ፣ ባንዱና አሳታሚው ይቅርታ ጠየቁ።

ሥራ ቦታ ይህን ባንድ ከልቧ የምትወድ ወጣት ባልደረባ አለችኝ። በዕረፍት ሰዓት ስልኳን ይዛ መጣች። «ዝንጀሮ ናቸው እኮ፣ ሰው አይደሉም፣ ለምን ሰው ተቆጣ?» አለችኝ። በቅንነት ነው የጠየቀችኝ፣ ፊቷ ላይ ይታያል። እኔም በቅንነት መለስኩላት። ጣሊያን አገሬን ሲወር ላሰለጥናችሁ ነው ብሎ ነው የመጣው አልኳት። የመርዝ ጋዝ ይዞ። ሰውን ዝንጀሮ ነው ካልሽ ጋሪ ማስጎተት አይከብድሽም፣ የሆነውም እሱ ነው አልኳት። ኮሎምቡስን ትምህርት ቤት አዲስ አገር ያገኘ ሰው ብለው እንዳስተማሯት፣ ከዛ ያለፈ ነገር እንዳልሰማች ነገረችኝ። ሻያችን ቀዘቀዘ። በማግስቱ ደግሞ ያነበበችውን ይዛ መጣች፣ እንደገና አወራን።

ያንን ሳምንት ሙሉ ያናደደኝ ልጆቹ አይደሉም። ክሊፕ ሲሠራ ስንት ሰው ያየዋል። አልባሳት የሚሰፋ፣ የሚቀርፅ፣ የሚያርም፣ የሚፈቅድ። ከነዛ ሁሉ አንድ ሰው ቆይ አለማለቱ ነው የከነከነኝ። ምናልባት ያ ክፍል ውስጥ እንደኔ ዓይነት አንድ ሰው ቢኖር ይል ነበር። እኛ እዚህ አገር ብዙ ነገር ውስጥ እንሠራለን፣ ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ መንከባከቢያ። እዛ ክፍል ውስጥ ግን የለንም። ልጆቻችን ይገቡ ይሆናል፣ ቋንቋው የነሱ ነው።

የኔዋ ልጅ ገና አንደኛ ደረጃ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን እያወለቀች የማስታወቂያ ዘፈን ትዘፍናለች፣ ጓደኞቿም ሁሉ ያንኑ ነው የሚዘፍኑት። አማርኛዋ ያሳስበኛል። ስለዚህ የሂታቺን የዛፉን ዜማ ይዤ የአማርኛ ግጥም ሠራሁላት፣ ዋርካ፣ ግራር፣ ጽድ፣ ወይራ እያልኩ። በሁለት ቀን ያዘችው። አባቷ አልወደደውም። «እቴ ሜቴ እያለ የጃፓን ኩባንያ ዜማ ምን ያደርግላታል?» ይላል። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እቴ ሜቴን በእጅ ጭብጨባው ያስተምራታል፣ እኔም የዛፎቹን አልተውኩም። አሁን እሷ ኮሶና ብሳና ጨምሩልኝ እያለች ነው፣ ብሳና ምን እንደሚመስል ፎቶ ፈልጌ ላሳያት።